ለዊንተር የትኛው የፊት መብራት ይሻላል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ቀኑ ማጠር ሲጀምር ስለ መኪና መብራት የሚመጡልን ጥያቄዎች ይበዛሉ። የዘንድሮዎቹን ሳያቸው አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገናኙት፣ ሃሎጅን ነው ዜነን ነው ወይስ ኤልኢዲ በበረዶ የሚሻለው የሚል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ ግን በጨለማና በበረዶ የሚነዳ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ መቁረጥ አልፈለግኩም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፣ ሁለት መርጫለሁ፣ አንዱ ሃሎጅን ነው ሌላኛው ኤልኢዲ፣ በቀረው ነገር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ጓደኞቼ ደሞ ዜነን ያለው ፈልግ ይሉኛል። ጠዋት ሥራ ስገባም ማታ ስወጣም ጨለማ ነው፣ መንገዱም ለወራት በረዶ ነው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ ጥያቄህ አጭር ነው መልሱ ግን ትንሽ ዞር ዞር ይላል፣ ምክንያቱም ሦስቱም የየራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው፣ በሌላ ጊዜ ጥሩ የሆነው ነገር ደሞ በረዶ ሲመጣ ችግር ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሃሎጅን ያው ሁላችንም የምናውቀው አምፖል ነው፣ ውስጡ ቀጭን የተንግስተን ክር አለ፣ ክሩ ግሎ ነው የሚያበራው። ለመኪና እ.ኤ.አ. በ1962 አውሮፓ ውስጥ ኤች1 በሚባለው አምፖል ጀመረ፣ እስከ ዛሬም ብዙ መኪና ላይ አለ። አሁን በብዛት የሚታየው ኤች7 55 ዋት ይወስዳል፣ የሚሰጠው ብርሃን ግን ወደ 1500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። እንግዲህ በበረዶ ጊዜ የሚጠቅምህ ይሄው ሙቀት ነው፣ ከብርሃኑ ጋር ወደፊት ስለሚወጣ የመብራቱን ፊት ያሞቀዋል፣ የሚያርፍበት በረዶም ሳይጠጥር ቀልጦ ይወርዳል። ሁሌ ያቀልጣል ማለት አይደለም፣ ብርዱ ከበረታና ንፋሱ ካየለ እሱም ይሸነፋል፣ ግን ከሌሎቹ በጣም ይሻላል። ሲቃጠልም በብዙ መኪና ላይ መንገድ ዳር ቆመህ ራስህ ትቀይረዋለህ። ጉድለቱ ብርሃኑ ማነሱና ቶሎ ማለቁ ነው።

ዜነን ክር የለውም። ኤሌክትሪክ በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ነው የሚያበራው፣ ለማስነሳት ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚፈልግ ባላስት የሚባል ዕቃ አብሮት አለ። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ላይ ነው። ዲ2ኤስ የሚባለው አምፖል 35 ዋት ብቻ ወስዶ ወደ 3200 ሉመን ይሰጣል፣ ማለትም ከሃሎጅኑ ያነሰ በልቶ ሁለት እጥፍ ያበራል። ሙሉ ብርሃኑ ላይ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ሲያረጅ ደሞ ድንገት ከመጥፋት ይልቅ ቀስ እያለ ይደክማል፣ ቀለሙም ወደ ሮዝ ወደ ወይንጠጅ ይሄዳል፣ ስለዚህ ያገለገለ ዜነን ስትገዛ የግራና የቀኙ ቀለም አንድ መሆኑን እይ። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን አለው፣ በአውሮፓ ደንብ አጭር መብራቱ ከ2000 ሉመን በላይ የሆነ አምፖል ከያዘ የመብራት ማጠቢያና ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክል ሌቨሊንግ እንዲኖረው ይገደዳል። ለዛ ነው ለአውሮፓ የተሠሩ ዜነን መኪኖች ከባምፐሩ ብቅ ብሎ ውሃ የሚረጭ ነገር ያላቸው፣ በጨውና በጭቃ ወቅት እሱ ትልቅ ነገር ነው።

ኤልኢዲ ወደ አጭር መብራት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በሌክሰስ ኤልኤስ 600ኤች ነው፣ ቀጥሎ በ2008 አውዲ አር8 ሁሉንም የፊት መብራት በኤልኢዲ አደረገው። ሲበራ ወዲያው ሙሉ ብርሃን ነው፣ ኃይል አይፈጅም፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ብርድ ደሞ አይጎዳውም እንዲያውም ይስማማዋል። ኤልኢዲ አይሞቅም ሲባል ትሰማ ይሆናል፣ ይሞቃል፣ ግን ሙቀቱ ብርሃኑን ከምትሰጠው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ፣ ከቺፑ ጀርባ ነው የሚወጣው፣ ሂትሲንክ በሚባል ሙቀት ሳቢ አሉሚኒየም አንዳንዴም በትንሽ ፋን ወደ ኋላ ይወሰዳል፣ ስለዚህ ፊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ በረዶ ሲያርፍበት ይለጠፍበታል። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ አምፖሉን ብቻ አትቀይርም፣ ከተበላሸ ሙሉ ዕቃውን ነው።

እና የቱን ትያዝ? የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ ፋብሪካው ራሱ የገጠመለትን ኤልኢዲ ያዝ፣ ግን ከመያዝህ በፊት ማጠቢያ ወይም የፊት ማሞቂያ እንዳለው እይ፣ ብዙ የኤልኢዲ መብራት ከ2000 ሉመን በታች ስለሚሠራ ማጠቢያው አብሮት ላይመጣ ይችላል። ሁለቱም ከሌሉትና መንገድህ ሳትቆም ረጅም ሰዓት የምትነዳበት ከሆነ ግን ፊቱ የጠራ ጥሩ ሃሎጅን መናቅ የለበትም። በረዶ የሸፈነው ኤልኢዲ ከጠራ ሃሎጅን ያነሰ ነው የሚያሳይህ።

ደሞ ዓይነቱን ብቻ አይተህ አትወስን። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2016 የመኪኖችን የፊት መብራት ማታ መንገድ ላይ እየለካ ደረጃ መስጠት ሲጀምር መጀመሪያ ካያቸው 31 መካከለኛ መኪኖች ጥሩ የሚል ደረጃ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፣ ውድ ናቸው ከሚባሉትም ብዙዎቹ ወድቀዋል፣ ኤልኢዲና ዜነን የያዙትም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ደሞ ጥሩ ደረጃ ያላቸው መኪኖች ደካማ ከሚባሉት ጋር ሲነጻጸሩ ማታ ብቻቸውን የሚጋጩበት አደጋ በ19 ፐርሰንት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሞዴል ራሱ እንደ ዓመቱና እንደ ትሪሙ (አብረውት እንደሚመጡት ዕቃዎች ደረጃ) መብራቱ ስለሚለያይ የምትገዛውን መኪና ከነዓመቱ ከነትሪሙ ፈልገው፣ ከዛ መብራት የሌለበት መንገድ ላይ ማታ ንዳው። ቀን ላይ ብቻ ታይቶ የሚገዛ መኪና መብራቱ አልታየም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ማታ ማታ ዕቃ አደርሳለሁ፣ መኪናዬ ኤልኢዲ ነው፣ በደረቅ ቀን መንገዱን ቀን ነው የሚያስመስለው። በረዶ ሲጥል ግን ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ መብራቱ ጠፋ ወይ እስክል ድረስ ይደበዝዛል፣ ወርጄ ሳየው ፊቱ ላይ በረዶ ተለጥፏል። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ ችግሩ ያንቺ መኪና ብቻ አይደለም፣ ከላይ እንዳልኩት ሙቀቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነው። በተለይ የሚያስቸግረው ርጥብ በረዶ ነው፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የሚጥለው። ከፊትሽ መኪና ካለ ደሞ ጎማው የሚረጨው ጨው ያለበት ጭቃ ይጨመርበታል፣ እሱ ሲደርቅ ግራጫ ሽፋን ይሆናል። ያ ሽፋን ብርሃኑን መቀነስ ብቻ አይደለም የሚያደርገው፣ ይበትነዋልም፣ ስለዚህ አንቺም አታዪም ከፊት የሚመጣውም ሰው ዓይኑ ይወጋል።

ሹፌሩ ይሄን ቶሎ አያውቀውም፣ ለምን መሰለሽ፣ ብርሃኑ ድንገት አይጠፋም፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚቀንሰው፣ ዓይንሽም እየለመደው ይሄዳል። ስለዚህ ደበዘዘ ብለሽ እስክታስቢ አትጠብቂ፣ ዕቃ ለማድረስ በቆምሽ ቁጥር ዞር ብለሽ የፊቱንም የኋላውንም መብራት ጥረጊ። የኋላውን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው፣ እሱም ኤልኢዲ ከሆነ ልክ እንደፊቱ ይሸፈናል፣ መኪናው የሚቀሰቅሰው ብናኝ ደሞ ዞሮ ከኋላ ነው የሚያርፈው፣ ፍሬን ስትይዢ ከኋላሽ ያለው ሰው ቀዩን ካላየ ምን እንደሚከተል ታውቂዋለሽ።

አጠራረጉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዘመኑ መብራት ፊቱ ብርጭቆ አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ላዩ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው። የመስታወት በረዶ መፋቂያውን እሱ ላይ ካሳረፍሽው ሽፋኑን ትጭሪዋለሽ፣ የተጫረው ቦታ በዓመት በሁለት ዓመት ይደፈርሳል። ለስላሳ ብሩሽ ወይም በእጅ ጓንት ጥረጊው፣ የጠጠረ ከሆነ የመስታወት ማጽጃውን ፈሳሽ ረጨት አድርገሽበት ትንሽ ጠብቂ። የፈላ ውሃ ግን በፍጹም፣ በአንዴ ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማጠቢያ ካለሽ ፈሳሹ በአካባቢሽ ባለው ብርድ የማይጠጥር መሆኑን አረጋግጪ፣ የበጋው ፈሳሽ ታንከሩ ውስጥ ከቀረ ቱቦው ውስጥ ይጠጥርና አንድ ሌሊት ላይ ፓምፑንም ይዞት ይሄዳል። ማጠቢያው በብዙ መኪና ላይ የሚሠራው መብራቱ በርቶ የፊት መስታወቱን ስትረጪ ነው፣ አንዳንዱም በየጊዜው ሳይሆን በየተወሰነው ርጭት አንዴ ነው የሚረጨው፣ የመኪናሽን መመሪያ ብታዪው ጥሩ ነው። ከመውጣትሽ በፊት መብራቱን አጥበሽ አድርቀሽ የመኪና ዋክስ ብትቀቢው ደሞ በረዶው እንዳይለጠፍ ባያደርግም ሲጠረግ በቀላሉ ይለቃል።

ችግሩ አዲስ አይደለም ለነገሩ። ስዊድኖቹ ገና በሃሎጅን ዘመን ሳይቀር ተቸግረውበት ሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 ለፊት መብራት ትንንሽ ዋይፐር ገጥሞ ነበር። አሁን አንዳንድ አምራቾች ፊቱ ላይ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ ያደርጋሉ፣ አንዳንዶቹ ደሞ የሂትሲንኩን ሞቃት አየር በፋን አዙረው ወደ ፊቱ ይልኩታል። ክብ የሆነ 7 ኢንች መብራት ለሚወስዱ መኪኖችና ለትላልቅ ጭነት መኪኖች ማሞቂያ ያለው ሙሉ ዕቃ ተሠርቶ ይሸጣል። ላንቺ ዓይነት ሥራ ወደፊት መኪና ስትቀይሪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ ይሄ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አዘጋጆች። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ መኪናዬም እንደኔው ያገለገለ ነው፣ መብራቱ ሃሎጅን ነው። ማታ ማየት እየከበደኝ መጣ። ልጄ በዚያው ሶኬት የሚገባ የኤልኢዲ አምፖል አለ፣ አውጥቼ ላስገባልዎ ይለኛል። ይበጀኛል?

መልስ፦ አባቴ ልጅዎ ያሰበው ለእርስዎ ነው፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን ይሄን እንዲተወው ብትነግሩት ደስ ይለኛል።

ምክንያቱን ላስረዳዎት። ሃሎጅኑ ውስጥ የሚያበራው ክር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናት፣ ከጀርባዋ ያለው ሪፍሌክተር (ብርሃኑን ወደፊት የሚመልሰው መስታወት) የተጠማዘዘው ብርሃኑ ከዛች ነጥብ ይመጣል ተብሎ ተሰልቶ ነው፣ ይሄኛው ጥምዝ መንገዱ ላይ ሩቅ ይጥላል፣ ያኛው ወደ ዳር ይጥላል፣ ከላይ ደሞ የሰው ዓይን ላይ እንዳይወጣ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይቆማል። የኤልኢዲ አምፖል ክር የለውም፣ በግራና በቀኝ የተለጠፉ ቺፖች ናቸው ያሉት፣ መሀላቸው ደሞ ስስ ሰሌዳ አለ። ብርሃኑ ከክሯ ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ዘወር ካለ ሪፍሌክተሩ የተሳሳተ ቦታ ነው የሚጥለው። ግድግዳ ላይ ሲያበሩት በጣም ነጭ፣ በጣም ደማቅ ይመስላል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። መንገድ ላይ ሲወጡ ግን መኪናው አፍንጫ ሥር ያለው ቦታ ይደምቅና ሩቁ ይጨልማል። ከፊት ለፊት ያለው ሲደምቅ ደሞ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ስለዚህ ሩቁን የባሰ ነው የማያዩት፣ መሬቱ ነጭ በረዶ ሲሆን ይሄ ችግር በጣም ይብሳል። የመብራቱ ፊት ላይ በረዶ የሚያቀልጠውም ሙቀት አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ከፊት የሚመጣው ሰው የሚደርስበትን ደሞ አይጠይቁኝ።

ሕጉም ቢሆን አገር አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ደንብ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መተካትን አይፈቅድም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አንዳንድ የተፈተሹ አምፖሎችን ፈቅዳለች፣ እሱም ስማቸው ዝርዝር ውስጥ ለገባ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ መብራት ከዛ አምፖል ጋር አብሮ ተለክቷል። ዝርዝሩ ውስጥ የእርስዎ መኪና ካለ ሌላ ነገር ነው። ካለዚያ ግን ካርቶኑ ላይ ለሁሉም መኪና የሚሆን ተብሎ የተጻፈውን አይመኑ።

ይልቅ እርስዎን የሚጠቅምዎት ሌላ ነው፣ እሱንም ልጅዎ ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ የመብራቱን ፊት በቀን ብርሃን ቀረብ ብለው ይዩት። ቢጫ ወይም ደብዛዛ ከሆነ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማህበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደለካው በጣም የደፈረሰ ፊት አዲስ ከሚሰጠው ብርሃን 20 ፐርሰንቱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ይሄ ተፈግፍጎ ተወልውሎ ላዩ ላይ የፀሐይ መከላከያ ሲቀባ ብዙው ይመለሳል፣ ከቻሉ ደሞ አዲስ ፊት ማስገጠሙ ይሻላል።

ቀጥሎ ሁለቱንም አምፖል በጥሩ ሃሎጅን አንድ ላይ ይቀይሩ፣ ክሩ ባይበጠስም ሲቆይ ይደክማል፣ የብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳም ይጠቁራል። ሲገጠም ብርጭቆውን በባዶ እጅ አይንኩት፣ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ከሌላው በላይ ይግልና አምፖሉ ጊዜው ሳይደርስ ይሄዳል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን አይግዙ፣ ነጭ እንዲመስል የተቀባው ቀለም ራሱ ብርሃኑን ነው የሚያስቀረው። ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን ሞተሩ እየሠራ መብራቱ በርቶ አምፖሉ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልቴጅ ይለካልዎት። ሃሎጅን ቮልቴጅ ላይ በጣም ስስ ነው፣ በ5 ፐርሰንት ቢቀንስበት ብርሃኑ ወደ 15 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ያረጀ መኪና ላይ ደሞ የዛገ መሬት ሽቦና የላላ ሶኬት ከዛም በላይ ይወስዳል። ሽቦው ታድሶ ሪሌይ በሚባል በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ በኩል ከባትሪው ቀጥታ ሲመጣለት ያው አምፖል ሌላ አምፖል ይመስላል።

አንድ ነገር ልጨምር ይፍቀዱልኝ፣ ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ከፊት የሚመጣ መብራት ከወጋው በኋላም ለመመለስ ይዘገያል። የዓይን ሐኪም ካዩ ቆይተው ከሆነ በረዶው ሳይገባ ይታዩ።

ጥያቄ፦ በረዶ እየጣለ ረጅሙን መብራት ሳበራ ነጭ ግድግዳ ነው የማየው። ቢጫ መብራት በረዶና ጉም ይበሳል ይባላል፣ እውነት ነው? ቢጫ ፎግ ላይት (የጉም መብራት) ላስገጥም ወይስ ጣሪያው ላይ ትልቅ ኤልኢዲ ባር ላድርግ?

መልስ፦ ባሩን ከመጀመሪያው ተወው ወንድሜ። ነጭ ግድግዳ የምትለው ከበረዶው ቅንጣት እየነጠረ ወደ ዓይንህ የሚመለሰው የራስህ ብርሃን ነው፣ መብራቱ ለዓይንህ በቀረበ ቁጥር የሚመለሰው ይበዛል፣ ጣሪያ ላይ ያለ ባር ደሞ ከዓይንህ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ቦኔቱንም ያበራልሃል። ከበረዶ ጋር የሚሠራው መብራት ዝቅ ብሎ ባምፐሩ ላይ የተገጠመ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ፣ ወደ ላይ ደሞ ምንም የማይለቅ ነው። ፎግ ላይት የተሠራው እንደዛ ተደርጎ ነው። ሩቅ አያሳይህም፣ የመንገዱን ጠርዝና መስመሩን ነው የሚያሳይህ፣ በዝግታ ስትሄድ የሚያስፈልግህም እሱ ነው።

ቢጫው ይበሳል የሚለው ግን በፊዚክሱ ልክ አይደለም። የአየር ሞለኪውል በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰማያዊውን ብርሃን ከቢጫው አብልጦ ይበትናል፣ ሰማዩም ሰማያዊ የሆነው ለዛ ነው፣ ሰዎች ይሄንን ይዘው ጉም ላይም ይሠራል ብለው አሰቡ። የጉም ጠብታና የበረዶ ቅንጣት ግን ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚተልቁ ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚመልሱት ማለት ይቻላል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1993 መኪና ሁሉ ቢጫ መብራት እንዲኖረው አስገድዳ ነበር፣ በኋላ ከአውሮፓ ደንብ ጋር ስትስማማ ተወችው።

ታዲያ ቢጫን የሚወዱ ሰዎች ሁሉ ተሳስተዋል ወይ? አልተሳሰቱም። ሰማያዊነት የበዛበት ብርሃን ዓይንን በጣም ያደክማል፣ የሚነጥረው ነጸብራቅም ያስጨንቃል፣ የብርሃን ቀለም በኬልቪን ነው የሚለካው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሰማያዊነቱ ይጨምራል፣ ሃሎጅን 3200 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ዜነን 4300 ገደማ፣ ብዙ ኤልኢዲ ደሞ 5500 እስከ 6000 ይደርሳል፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በበረዶ ውስጥ የሚነዳ ሰው ቢጫው ዓይኔን አሳረፈው ቢልህ የተሰማውን ነው የሚነግርህ። ባለህ ፎግ ላይት ውስጥ ቢጫ ማድረግ ከፈለግክና ሕጉ ከፈቀደልህ አድርገው። ከቀለሙ ይልቅ ግን የተገጠመበት ከፍታና የብርሃኑ ቅርጽ ነው የሚወስነው።

ደሞ ፍጥነቱ አለ። ሒሳቡን እንየው፣ 80 እየነዳህ ለማየትና ፍሬን ለመያዝ ሰከንድ ተኩል ቢወስድብህ በደረቅ አስፋልት ወደ 70 ሜትር ላይ ትቆማለህ። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ያው ፍጥነት ከ130 ሜትር በላይ ይወስድብሃል፣ በጠጠረ አይስ ላይ ከዛም በጣም ይርቃል። አጭር መብራት ጥቁር የለበሰ እግረኛን በደንብ የሚያሳይህ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 ሜትር ድረስ ነው፣ ያውም በረዶ ሳይጥል። በ50 ስትሄድ ግን በዛው በረዶ ላይ 60 ሜትር አካባቢ ትቆማለህ። ሃሎጅንም ይሁን ማትሪክስ የሚባለው ዘመናዊ ኤልኢዲ በበረዶ ውስጥ ከ80 ወደ 50 መውረድህ የሚሰጥህን ያህል አይሰጡህም።

ጥያቄ፦ መብራቴ አውቶ ላይ ነው፣ ራሱ ይበራል ራሱ ይጠፋል። በዊንተርም እዛው ልተወው?

መልስ፦ ማታ ይሁን፣ ቀን በረዶ ሲጥል ግን አትተወው። ሴንሰሩ የሚለካው ብርሃን እንጂ ርቀት ማየት አለማየትህን አይደለም፣ ቀን ላይ በረዶ ሲጥል ደሞ ሁሉም ነገር ነጭ ስለሆነ ብርሃን አለ ብሎ ያልፈዋል። ያኔ የሚበራልህ የቀን መብራቱ ብቻ ነው፣ እሱም በብዙ መኪና ላይ ከፊት ነው እንጂ የኋላውን አያበራም። አንተ ከፊትህ መብራት ታያለህ፣ ዳሽቦርድህም በርቷል፣ ሁሉም ነገር በርቷል ብለህ ታስባለህ፣ ከኋላህ ለሚመጣው ግን በነጭ ጭስ ውስጥ የጠፋህ መኪና ነህ። ካናዳ በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ለሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ደንብ አውጥታለች፣ ወይ የኋላው ከቀን መብራቱ ጋር አብሮ ይበራል፣ ወይ ሲጨልም ሁሉም ራሱ ይበራል፣ ካልሆነም ሹፌሩ እንዲያውቀው ዳሽቦርዱ ጨለማ ሆኖ ይቆያል። የድሮ መኪና ያለው ሰው ማዞሪያውን በእጁ ወደ አጭር መብራት ያድርገው። የኋላ ፎግ ካለህ ከፊትህ ምንም በማይታይበት ጊዜ አብራው፣ ሲጠራ አጥፋው፣ ከኋላህ ያለውን ሰው ዓይን ይወጋል።

ጥያቄ፦ የዊንተር ጎማ ካስገባሁና የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ዕቃ ከጫንኩ ወዲህ ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅም መብራት ያበሩብኛል፣ እኔ ግን አጭሩን ነው የማበራው። አምፖሉ ነው?

መልስ፦ ጎማው በመጠኑ ያው ከሆነ እሱ አይደለም፣ ዕቃው ነው። ኋላው ሲከብድ ፊቱ ቀና ይላል፣ መብራቱም አብሮ ይነሳል። ዳሽቦርዱ ላይ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የሚል ማዞሪያ ካለህ ብቻህን ስትሆን 0 ላይ ነው የሚሆነው፣ ጭነቱ ሲጨምር ቁጥሩን ከፍ እያደረግክ መብራቱን ታወርደዋለህ። ማዞሪያው ከሌለህና መብራትህ ዜነን ወይም ኤልኢዲ ከሆነ ራሱ የሚያስተካክል ሊሆን ይችላል፣ የዛ ሴንሰር ደሞ ከጎማው አጠገብ ባለች ትንሽ ዘንግ ነው የሚሠራው፣ በረዶና ጨው ይጎዳታል፣ ከተሰበረች መብራቱ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ መሬት ያዘነብላል፣ መካኒክ መጀመሪያ እሷን ይይልህ።

ራስህ ለማየት ከፈለግክ ጎማዎቹን በትክክል ንፋ፣ ዕቃውን አውርድ፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ ግድግዳ ፈልግ። መኪናውን ግድግዳው ጋ አስጠግተህ የሁለቱን አጭር መብራት መሀል በቴፕ ምልክት አድርግበት፣ ከዛ ቀጥ ብለህ 10 ሜትር ወደ ኋላ ሂድ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ ወደ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፣ ይሄ 1 ፐርሰንት የሚባለው ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ቦኔቱን ስትከፍት መብራቱ አካባቢ ትክክለኛው ፐርሰንት ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ 1.2 ካለ 12 ሳንቲሜትር ነው። ከፍ ካለ ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን የከፍታ ብሎን ቀስ እያልክ አዙር፣ አንዱን መብራት ስታስተካክል ሌላኛውን በጨርቅ ሸፍነው። የግራና የቀኙን አቅጣጫ ግን አትንካው፣ እሱን በመለኪያ ያለው ጋራዥ ይሥራው። ዕቃውን መልሰህ ስትጭን ማዞሪያውን ማስተካከል አትርሳ።